ኢንጂነር ሞልቶ ኪያቤ ያዥ ጠፋ

ጎባ ላይ ሰው መጥራት ራሱ ፈተና ሆኗል። ድሮ የምታከብረውን «ጋሼ» ወይም «ኦቦ» ብለህ ታልፋለህ። ዛሬ «ኢንጂነር» ካላልክ ዞር የሚልልህ ወጣት የለም። ለቅሶ ቤት ኢንጂነር፣ ሠርግ ቤት ኢንጂነር፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ዱካ ላይ አራት ኢንጂነር። ባለፈው የግቢዬ ቧንቧ ሲፈነዳ ሦስቱ መጥተው አዩልኝ። አንዱ «ፕሬሸር ነው» አለ፤ አንዱ ፎቶ አነሳው፤ ሦስተኛው የኤሌክትሪካል ሰው ስለሆነ ጉዳዩ እንደማይመለከተው በትሕትና ገለጸልኝ። በመጨረሻ በላስቲክ አስሮ የዘጋው በአህያ ውሃ የሚያመላልሰው ልጅ ነው። እሱን «ኢንጂነር» የሚለው የለም።

እኔ በመንግሥት እርሻ ዘመን ኮምባይነር ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዲፕሎማዬ ጥፍሬ ሥር ያለው ግራሶ ነው፤ በጡረታም አልለቀቀኝም። ባሌ ስንዴ ነው። ከሲናና እስከ አጋርፋ፣ ከጋሠራ እስከ ጎሮ ሜዳው ለኮምባይነር የተዘረጋ ይመስላል፤ ያውም በዓመት ሁለቴ እናጭዳለን። አጨዳ ደርሶ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቺንጋ ከተበጠሰ ወይም ኩሽኔታ ከነደደ ስንዴው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብትለው አይጠብቅም። ታዲያ ባለ እርሻው መካኒክ የሚያስመጣው ከአሰላ ወይም ከአዳማ ነው፤ አልጋውንም ጥብሱንም ችሎ። በዚያው ሰዓት የራሳችን መካኒካል ኢንጂነር ሮቤ ላይ ተቀምጦ ለአርሴናል ያለቅሳል።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው አልልም። (እል ነበር፣ ባለቤቴ ከለከለችኝ።) በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መቶ ልጆች ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ አለ። ታሪክ የሚወደው ልጅ በኮታ ኢንጂነር ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም በዛ። እዚህ ሮቤ መዳ ወላቡ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ደስ አለን፤ ክፍል ቀጥለን ማከራየት ጀመርን። ምደባው ግን በትምህርት ሚኒስቴር እጅ ስለሆነ የጎባው ልጅ አገር አቋርጦ ሄደ፤ ከቆላ የመጣው ደግሞ ሳነቴ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ካልኩለስ ተማረ።

የእህቴ ልጅ ከሩቅ ግቢ አምስት ዓመት መካኒካል ተምሮ ሲመለስ በግ አረድን። በማግስቱ ወደ ቆመ ኮምባይነር ወሰድኩትና «በል እስቲ» አልኩት። ዞረው፤ አሁንም ዞረው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፕራክቲካል ነው» አለኝ። ሞተር የሚያውቀው በሰሌዳ ላይ ተሥሎ ነው። የተሣለ ሞተር ደግሞ ዘይት አያፈስም፣ እጅም አያቃጥልም።

ፈተናውማ አይወራ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶው ልጅ ሦስት ገደማ ነበር። ከዚያ ወንፊት ያመለጠው ገብቶ፣ ተምሮ፣ ወጪ መጋራት የሚባለውን ዕዳ ፈርሞ በቃኝ ሲል፣ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨመረለት። መግቢያም መውጫም በፈተና ሆነ። መቀጠሪያውስ ስላቸው «እሱ በዘመድ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለኩሽኔታ ካልሆነ ዘመድ የለኝም።

ማስታወቂያውን አንብቡት እንጂ! «የትምህርት ደረጃ፦ ዲግሪ። ተፈላጊ ብዛት፦ 1። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት»። ዜሮን ቆጥሮ የሚጠይቅ አገር። ልጃችንም ዜሮውን ይዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በሩ ላይ እሱን የመሰለ ዜሮ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ ያለው ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ የት እንደሚገኝ ግን አይጽፍም። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የጠረበ ትውልድም አይተናል። እሱ እንኳ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ መዶሻ ያዘ።

ከሥራ ፈት ኢንጂነር ይልቅ ለአውሬ የተሻለ ጊዜ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከአምስት መቶ አትበልጥም ይባላል፤ ከግማሽ በላይዋ እኛው ባሌ ተራሮች ላይ ናት። ተመራማሪ ይከተላታል፣ በዕብድ ውሻ በሽታ እንዳትሞት ትከተባለች፣ የት አደረች ተብሎ ይመዘገባል። ሥራ ፈት ኢንጂነር የት እንዳደረ የሚጠይቅ እናቱ ብቻ ናት።

ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ሥልጠና መጣ፤ በሦስት ዓመት፣ በነፃ፣ በኢንተርኔት። የጎረቤቴ ልጅ ኮምፒዩተር ሳይንስ ጨርሳ ቤት ስለተቀመጠች ይህንንም ተማረች፤ መብራት ሲጠፋ እያቆመች፣ ሲመጣ እየቀጠለች። ከዚያ የስንዴ ዋጋ የሚናገር አፕ ሠራች። ሮቤ ገበያ ያለው ደላላ አይቶ በጣም አደነቃት፤ ማንም እንደማይጠቀምበትም ነገራት። እሱ ዋጋው እንዳይታወቅ ነው የሚበላው። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ ለዐረብ አገር ተጓዦች የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት ትሞላለች። ለአራት ዓመት ትምህርት ይህ ምንድን ነው ብዬ ላማርር ነበር፤ የወር ገቢዋን ስሰማ ከጡረታዬ በለጠብኝና ዝም አልኩ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ሰሞኑን አንድ አሮጌ መካኒክ ሥር ገብቷል። ከአሰላ ወይም ከአዳማ የመጣ ሳይሆን የዚሁ አገር፣ ማንበብ የማይችል፣ ኮምባይነሩን በጆሮው ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። ልጁ ማታ ማታ ጥፍሩ ጠቁሮ ይመጣል፤ እናቱ «ለዚህ ነው ያስተማርኩት?» ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ ጥቁረቱን እያየሁ እራቴ ይጥመኛል። ትናንት መጥቶ «ጋሼ፣ ኪያቤ አውሰኝ» አለኝ። 13 ቁጥሩን ሰጠሁት። 17ቱን ግን እንዲህ በቀላሉ አላወጣም፤ ለእሱ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል።