ባለ ጋዋኑ ምሩቅ

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ አንደኛ ክፍል ደግሞ በ7 ነበር። የአዲስ አበባ ወላጅ ግን ያን ያህል ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ገና ከዳይፐር ያልወጣው ልጅ ለነርሰሪ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ቀይ ኳስ አሳይተውት "ቀይ!" ካለ፣ እንግሊዝኛው ደከም ይላል ተብሎ እናቱ ትመከራለች። ከዚያ ኤልኬጂ፣ ከዚያ ዩኬጂ፣ ከዚያ ጋዋንና ቆብ። በምን እንደተመረቀ አይጠየቅም፤ በማቅለም ሳይሆን አይቀርም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩት አያት የጋዋኑን ኪራይ፣ የፎቶውንና የኬኩን ከፍለው ሲያበቁ፣ "እሰይ! ታዲያ ሥራ የሚይዘው መቼ ነው?" ይላሉ።

"አባባ ደግሞ! መጀመሪያ አንደኛ ክፍል ቦታ ይገኝለት እንጂ።"