የናስትሮ ሕክምና

ለአሮጌ ላንድክሩዘር ከናስትሮ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የፍሬን መብራት በራ እንበል። ነገር የሚያከብድ ሰው መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ በደንብ መለቀቁን ያያል። ቀጥሎ ኮፈን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ይመለከታል፤ ከጎደለም «ሸራው አልቆ ወይም የሆነ ቦታ እያንጠባጠበ ይሆናል» እያለ መኪናው ሥር ይንፏቀቃል። የእኛ ሰፈር መካኒክ ግን አንድ ጣት የማይሞላ ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ መብራቱ ላይ ለጠፍ ያደርጋል። መብራቱ አይታይም፤ ስለዚህ ፍሬኑ ድኗል።

የመሪው መርገፍገፍማ ከዚህም ይቀላል። ቴስቲናው ላልቷል፣ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ጎማው ባላንስ ይፈልጋል የሚሉት ምቀኞች ናቸው። መሪው የሚርገፈገፈው 80 ላይ ነው? እንግዲያው 80ን ዘሎ 100 መግባት ነው።

ይህ ጥበብ በመብራት ብቻ መወሰኑ ያሳዝናል። ከሥላሴ ወጥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርድ ሾፌር ቁልቁለቱ ካስፈራው የፊት መስታወቱንም በናስትሮ ይሸፍነው፤ ያልታየ ቁልቁለት መቼ ቁልቁለት ሆነና! ፔዳሉ ወለል ድረስ ቢሰምጥ እንኳ ችግር የለም፣ ሥላሴ ቅርብ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ስላረፉ የጎረቤት ክብር አይጓደልም።

ደግሞም ናስትሮ ከፍሬን ሸራ ይረክሳል።