የመቶ በሮች ቤት

በሰሜን ቻይና፣ ባያን ኦቦ በሚባል ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ብርቅዬ ማዕድናት የሚባሉ ወንድማማች ነገዶች በአንድ ድንጋይ ይኖሩ ነበር። ታላቁ ላንታነም ነው። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ በክብደት እየጨመረ፣ በመጠን ግን የፀጉር ያህል እያነሰ ይሄዳል። ፕራሲዮዲሚየምና ኒዮዲሚየም ደግሞ እጅግ ይመሳሰሉ ነበርና፣ የስዊድኑ ኬሚስት ሞሳንደር በ1841 እ.ኤ.አ. ሲያገኛቸው አንድ መስለውት በአንድ ስም ጠራቸው። ሁለት መሆናቸውን ኦስትሪያዊው አውየር የለየው በ1885 ነው።

አንድ ቀን ተራራው ተናደ። ድንጋዩ ተፈጨ፣ በአሲድ ሟሟ፣ ነገዶቹም ባኦቶው ከተማ ገቡ። ማንም ያልፈለገው ቶሪየም ከዝቃጩ ጋር በከተማው ዳር ወዳለው ኩሬ ተጣለ፤ ለእሱ ክፍል የሠራለት አልነበረም።

ለሌሎቹ ግን ረጅም ቤት ተሠርቶላቸዋል። በየክፍሉ ውኃና ዘይት ቅቤ ሊወጣለት እንደሚናጥ ወተት ይናጣሉ፣ ይረጋሉ፤ ዘይቱ ከላይ፣ ውኃው ከታች ይቀራል። ዘይቱ በኬሮሲን የተቀጠነ፣ ፎስፈረስ ያለበት አሲድ ነው። በረኛውም እሱ ነው።

«ደኅና መጣችሁ» አለ የመጀመሪያው በረኛ። «እኔ ማንንም አልጠላም። ብቻ አነስ ያለውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።»

ከዘይቱ ጋር 3 ኒዮዲሚየም ሲያልፉ 2 ፕራሲዮዲሚየምም አለፉ። ማን ቅር ይለዋል? ሁለተኛው በረኛም ያንኑ አደረገ፤ ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም። ዘይቱ በአንድ በኩል ሲሄድ ውኃው በተቃራኒው ይመለስ ነበር። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ዘመድ ዘመዱን እየፈለገ መጣራት ጀመረ። ከመቶ ክፍሎች በኋላ የሚመልስለት አልነበረም።

ገና ከመነሻው ውኃው ውስጥ የቀረው ሽማግሌው ላንታነም አንዱን በረኛ ጠየቀው፤ «ልጄ፣ በአንድ ድንጋይ ያደጉትን ለምን ለያየሃቸው?»

«እኔ ነኝ እንዴ አባቴ? ሲመጡም ተቀላቅለው ነበር፣ ሲወጡም ተቀላቅለው ነው። በእኔ ክፍል የሆነችው ይህችው ትንሿ ናት።»

እውነቱን ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሹ ጉዋንግሽያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሂሳብ ያወጣው ይህን ነው፤ አድልዎው የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ክፍሉ ከበዛ መለያየቱ ሙሉ ይሆናል፤ ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግም አስቀድሞ ይታወቃል።

በቤቱ አንድ ጫፍ ኒዮዲሚየም በብርቱ አሲድ ከዘይቱ ታጥቦ ወጣ። በሌላው ጫፍ ፕራሲዮዲሚየም ከውኃው ተለቀመ። ለየብቻቸው በጆንያ ታሰሩ።

ከዚያ ገዢዎቹ መጡ። ቢጫ የሸክላ ቀለም የሚሠራው ፕራሲዮዲሚየምን ብቻውን ወሰደ። ለመኪናና ለነፋስ ተርባይን ማግኔት የሚያቀልጠው ግን ሁለቱን ጆንያዎች ፈትቶ ቀላቀላቸው። «እኔ ዘንድ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ይሠራል፤ ከብረትና ከቦሮን ጋር አብረው ይግቡ» አለ። ብርጭቆ ነፊውም ቀጠለ፤ «የእሳቱን ቢጫ ነጸብራቅ ከዓይኔ የሚከለክልልኝ መነጽር ሁለቱም ያሉበት ነው።»

የቤቱ ጌታ ለአሲዱ፣ ለኬሮሲኑና ለዘመናት ድካም ያወጣውን ወጪ አሰበና በረኞቹን ሁሉ ሰበሰበ። «እነዚህን የለያየ ማን ነው?» አላቸው።

መቶው በረኛ እያንዳንዱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ጠቆመ።