የማሪነርስ ጾመ ነቢያት

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ባለቤቴ ቅቤውንና እንቁላሉን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ለጎረቤት ትሰጣለች። እኔ በዚያው ሰሞን የሲያትል ማሪነርስን የዝውውር ወሬ መልቀም እጀምራለሁ። ነቢያቱ የጾሙት የመሲሑን መውረድ እየጠበቁ ነው፤ እኔ የምጠብቀው ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ለእነሱ ተስፋው የተነገራቸው ከላይ ነበር። ለእኛ የሚነግረን የቡድኑ የቤዝቦል ጉዳዮች ፕሬዚዳንት ጄሪ ዲፖቶ ነው።

ቤዝቦል ለማይከታተል ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ማሪነርስ በ1977 ሜዳ ገባ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ በእኛው ስቆጥር ስምንት ዓመት የተቀነሰልኝ እየመሰለኝ በከንቱ ደስ ይለኛል።) በሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የመጨረሻ ፍልሚያ አንድም ጊዜ ረግጦት የማያውቅ አንድ ብቻ ነው። አላሸነፈም አላልኩም፤ አልደረሰም ነው የምለው። ያላሸነፉማ ሌሎችም አሉ፤ ሄደው፣ ተሸንፈው፣ አልቅሰው ተመልሰዋል። እኛ የሚለቀስበትን ቦታ እንኳ አናውቀውም።

ሐበሻ ሆኖ ቤዝቦል መውደድ ሲያትል ውስጥ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ በማንቸስተርና በአርሴናል ሲከራከር፣ እኔ ስለ ሦስተኛ ቤዝ ካነሣሁ በግራና በቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። በልጅነቴ የማውቀው ኳስ በዱላ መምታት የገና ጨዋታ ነበር፤ ጌታና ሎሌ ሳይለይ የሚሯሯጡበት፣ ቅልጥም የሚሰበርበት። ቤዝቦል ውስጥ ዱላ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ የቀረው ቆሞ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፣ ይተፋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ በዓመት 162 ጊዜ ይደረጋል።

እኔን ያጠመደኝ ሬዲዮ ነው፤ ታክሲ በምነዳበት ዘመን። ዴቭ ኒሃውስ የሚባል ሰው ነበር፤ ቡድኑ ከተመሠረተበት ዓመት አንሥቶ በ2010 እስኪያርፍ ድረስ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ የኖረ። ሦስቱም ቤዝ ላይ ሰው ቆሞ፣ የተመታው ኳስ ከሜዳ ተሻግሮ ሆም ረን ከሆነ፣ ኒሃውስ በደስታ ልቡን ስቶ አያቱን ዳቦና ሰናፍጭ እንድታወጣ ያዛታል። አያቲቱ ማን እንደሆነች፣ ከኳሱ ጋር ምን እንዳገናኛት አልገባኝም ነበር። ነገር ግን በጾም እንጀራውን ሰናፍጭ እያጠቀሰ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ሰምቶ ሬዲዮ አይዘጋም።

አንድ አርሴናል ደጋፊ ጓደኛ አለኝ። ቡድኑ ከ2004 በኋላ ሊጉን ሳያነሣ ስንት ዓመት እንደቆየ እሱው ይቁጠረው፤ ድሮ የሚታዘንለት እሱ ነበር። የማሪነርስን ታሪክ ከነገርኩት ወዲህ ግን ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ ወንድሜ» ማለት ጀምሯል። የአርሴናል ደጋፊ ሲያዝንልህ ምን እንደሚሰማ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዘጠናዎቹ ኬን ግሪፊ ጁኒየር፣ ራንዲ ጆንሰንና አሌክስ ሮድሪጌዝ በአንድ ላይ እኛ ዘንድ ነበሩ። ጆንሰን በ1998 ሄደ። ግሪፊ በ2000 ሲንሲናቲ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሮድሪጌዝ ለዐሥር ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር ተቆርጦለት ቴክሳስ ወረደ። ሦስቱም ከሄዱ በኋላ፣ በ2001፣ ኢቺሮ ሱዙኪ ከጃፓን መጣና ቡድኑ 116 ጨዋታ አሸነፈ፤ ቺካጎ ከብስ በ1906 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ጋር እኩል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ያንኪስ የሚባለው ቡድን በፕሌይኦፍ፣ በጥሎ ማለፉ፣ 4 ለ1 የሸኘን። ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ የፕሌይኦፍን ደጃፍ አላየነውም። በዚያ ሰሞን ሲያትል የተወለደ ሕፃን፣ ቡድኑን ፕሌይኦፍ ላይ ሲያይ በአሜሪካ ሕግ መጠጥ የሚፈቀድለት ጎልማሳ ሆኗል። ካየ በኋላም አስፈልጎታል።

በነገራችን ላይ ኢቺሮ በ2025 የዝና አዳራሽ ገብቷል። ከ394 መራጮች 393ቱ መርጠውታል። ያ የቀረው አንድ ሰውዬ ራሱን ይፋ አላደረገም። ጨዋታ የሌለበት ወቅት ነውና ጊዜ አለኝ፤ አንዳንድ ማታ ስለ እሱ እያሰብኩ አመሻለሁ።

የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከቤዝቦል ጋር የተዋወቁት በ2022 ነው። ቶሮንቶ ሜዳ ላይ 8 ለ1 እየተመራን፣ ሲያትል ስታዲየም ተሰብስበው በትልቁ ስክሪን የሚመለከቱ ደጋፊዎች ጫማቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። 10 ለ9 አሸነፍን። እማማ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብለው አይተው «እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?» አሉ። ለክብር ሲባል ጫማ ማውለቅን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ከወለቀ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል ብለው ግን አልጠበቁም። ቀጥሎ ሂውስተን በሦስት ጨዋታ ጠራርጎ አስወጣን፤ የመጨረሻውን 18 ኢኒንግ (ዙር) ተጫውተን 1 ለ0። ጫማው ያን ያህል ሰዓት አልቆየም።

በ2025 ደግሞ ጠንቋይ ገባበት። ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ቡድኑ መንገዳገድ ሲጀምር አንድ ደጋፊ ኤትሲ ላይ፣ ሰው ሹራብና ጉትቻ ከሚገዛበት የእጅ ሥራ ገበያ፣ መድኃኒት የምታደርግ ጠንቋይ ተከራየ። ቡድኑ ዐሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። እማማ ይህን ስነግራቸው አማተቡ፤ እንዲህ ያለ ነገር እሳቸው ባሉበት እንዳይነሣ አስጠነቀቁኝ። ከሳምንት በኋላ ቡና እየቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ሴትዮዋ ግን... አሁንም እየሠራች ነው?» አሉ።

እየሠራች ነበር መሰለኝ። ካቸራችን ካል ራሊ 60 ሆም ረን መታ። ካቸር ማለት ሌላው ቆሞ ሲጫወት እሱ ማታውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወርለትን እሳት የሚቀበል ሰው ነው፤ በዚያ ጉልበት ይህን ያህል የመታ ካቸር በታሪክ የለም። (ቅጽል ስሙን ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ስለ መቀመጫው ስፋት ነው።) የዓመቱን ኮከብነት ግን የያንኪሱ አሮን ጃጅ ወሰደው። «ስልሳ መትቶ ካልተሸለመ ስንት ይምታላችሁ?» ብለው እማማ እኔን ተቆጡኝ፤ መራጭ የሆንኩ ይመስል።

በፕሌይኦፉ ከዲትሮይት ጋር አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ መጣ። በእኛ ስታዲየም በኢኒንግ መካከል የሳልመን ዓሣ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይሽቀዳደማሉ፤ ሀምፒ የሚባለው ዓሣ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ያን ማታ አሸነፈ። ቡድኑም በ15ኛው ኢኒንግ ሆርሄ ፖላንኮ መትቶ 3 ለ2 ረታ። ዓሣው እንኳ ተሳክቶለታል ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ከዚያ ቶሮንቶ። ሰባተኛው ጨዋታ፣ ካሸነፍን ወርልድ ሲሪስ። 3 ለ1 እየመራን፣ ስምንት ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቶን፣ የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ሆም ረን መታ። 4 ለ3። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ፒቸራችን (ኳስ ወርዋሪያችን) አንድሬስ ሙኞዝ ለምን ቀድሞ አልገባም ለሚለው አሠልጣኙ ዳን ዊልሰን መልስ ሰጥቶበታል፤ አልረካሁም።

ይህ ጨዋታ የሌለበት ወቅት ለምን እንደሚጣፍጠኝ አሁን ይገባችኋል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ማሪነርስን የሚያሸንፍ ቡድን የለም። ሌላው ሰው ዝናቡን እያየ ሲቆዝም እኔ በየማታው ቡድን እገነባለሁ፤ ያለ በጀት፣ ያለ ጉዳት፣ ያለ ስፕሪንገር። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጨዋታው አልቋል እኮ» ትለኛለች። እሱ አይደል ጥሩነቱ!

ሕልሜ ትልልቅ ነው፤ ትልቅ መመኘት ያስተማረን ደግሞ ኮከቡ ሾሄይ ኦታኒ ነው። በ2023 የኮከቦች ጨዋታ ሲያትል ሲደረግ፣ ኦታኒ ዱላውን ይዞ በወጣ ቁጥር ስታዲየሙ በሙሉ በአንድ ድምፅ ወደ ሲያትል ና እያለ ለመነው። ሰውዬው ሰማን። በዲሴምበር ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ700 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ዶጀርስም ከዚያ ወዲህ ወርልድ ሲሪስን ሁለት ዓመት አከታትሎ ወሰደ። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። በዱቤ እንደሚሸጥ ብናውቅማ እኛስ መች ያቅተን ነበር!

በ2025 መጨረሻ ምኞቴ የዲትሮይቱ ፒቸር ታሪክ ስኩባል ነበር። የፒቸሮቹን የሳይ ያንግ ሽልማት ሁለት ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ በዚያ የ15 ኢኒንግ ማታ ከእኛ 13 ሰው እየቀጣ ወደ መቀመጫው መልሷል። ውሉ የሚያበቃው በ2026 ስለሆነ ዲትሮይት ሊሸጠው ይችላል የሚል ወሬ ነበር። ደጋፊ የሚያሰላው ልውውጥ መቼም አንድ ዓይነት ነው፤ የማንፈልጋቸውን ሦስት ልጆች ሰጥተን የእነሱን ዕንቁ እንወስዳለን። ሁለት የከሱ በጎችና አንድ ዶሮ አስይዞ ወደ ባላባት ቤት ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። የሚገርመው፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር ባላባቱ እሺ ይላል።

ዲፖቶ ግን በሶፋ አይሠራም። በ2023 በአንድ ጨዋታ ጎድለን ከፕሌይኦፍ ስንቀር፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ 54 በመቶ ያሸነፈ ቡድን ወርልድ ሲሪስ ይደርሳል የሚል ስሌት ለጋዜጠኞች አቀረበ። ሕዝቡ ጮኸ፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩም ዓመት በአንድ ጨዋታ ቀረን። ሰው ሁሉ በዚያ ቁጥር ሲያፌዝ እኔ አላፌዝኩም። እስቲ ከመካከላችን ካሰበው 54 በመቶው የተሞላለት ማነው? እኔ በ54 በመቶ ትምህርት ቤት ክፍል አልፌ ቤት ውስጥ ዶሮ ታርዶልኛል።

ደግሞ ሁሉም ወሬ ሆኖ አልቀረም። ጆሽ ኔይለር በኖቬምበር 2025 ለአምስት ዓመት በ92.5 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። ኔይለር ከባድ ሰው ነው፤ በሊጉ ከቀርፋፋዎቹ ሯጮች ይመደባል። እንዲህ ሆኖ እኛ ዘንድ ከመጣ ወዲህ 19 ጊዜ ቤዝ ሰርቋል፤ አንድም ጊዜ አልተያዘም። እማማ ይህን አስረድቻቸው ሳበቃ «ለሚሰርቀው ነው ገንዘብ የጨመሩት?» አሉ። ፖላንኮ በአንጻሩ ሄደ፤ ኒው ዮርክ ሜትስ ገባ። ስለ 15ኛው ኢኒንግ አመስግነን ሸኘነው፤ በልባችን ግን ተቀይመነዋል።

የቀረው ዩጄኒዮ ስዋሬዝ ነበር፤ የሦስተኛ ቤዙ ሰው። በ2023 መጨረሻ ወጪ ለመቀነስ ብለው ወደ አሪዞና ሸኙት፤ በ2025 ሐምሌ ላይ ሌላ ዋጋ ከፍለው መልሰው አመጡት። በሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 49 ሆም ረን መታ። መሳቱም ብዙ ነው፤ ሲስትም እንደ መታ ሰው ፈገግ ይላል። ከቶሮንቶ ጋር በአምስተኛው ጨዋታ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሲመታ ሰናፍጭ ያለበትን ጠርሙስ አንሥቼ ሳሎን ውስጥ ዞሬአለሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ነፃ ነበር፤ ከፈለገው ጋር መፈረም ይችል ነበር። ፒቸሮችና ካቸሮች ወደ አሪዞና፣ ወደ ፒዮሪያ ልምምድ የሚገቡት የካቲት ላይ ነው፤ ሁዳዴም የሚያዘው በዚያው ሰሞን ነው። ያኔ ሁለት ጾም በአንድ ላይ ስለማልችል ጉዳዩ ከዚያ በፊት እንዲያልቅልኝ እፈልግ ነበር።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ እማማ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ስለት ሊሳሉ ስማችንን እየጠሩ መቁጠር ጀመሩ። ደፈር ብዬ ጠጋ አልኳቸው።

«እማማ፣ ለስዋሬዝም አንድ ነገር ቢሉልኝ።»

«ማነው እሱ? ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው። ያ ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው። እንዲመለስልን ብዬ ነው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«ደሞዙስ?»

«ዘንድሮ 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር።»

እማማ ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያው ልጄ፣ እሱ ራሱ ይሳላ። ጃንጥላውንም የወርቅ ያድርገው።»