የ«ምን እያነበብክ ነው?» ሰምና ወርቅ፦ ከሸደር መንገድ የተነሣ ጥናት

«ምን እያነበብክ ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከሰላምታ ተርታ መግባቱን እስካሁን የመዘገበ የሰዋስው መጽሐፍ የለም፤ ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። «እንዴት ከረምክ?» ላለው ሰው ስለ ጨጓራው የሚዘረዝርለት እንደማይኖር ሁሉ፣ «ምን እያነበብክ ነው?» ላለውም እቅጩን የሚነግረው የለም። የተጠየቀው ሰው ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ ካምና ጀምሮ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ታጥፎ የቀረውን ወፍራም መጽሐፍ ይጠራል፣ ወይ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብርን እየደገምኩት ነው» ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነበው እጅ ከፍንጅ የተያዘ አንባቢ የለም፤ ሁሉም እየደገመው ነው። ነገሩ ሐሰት ይምሰል እንጂ ማብራሪያ አለው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታልና፣ ገጹን ገልጦ የማያውቀውም ሰው ታሪኩን በጆሮው ጨርሶታል። እንዲህ ያለው ሰው መጽሐፉን ገዝቶ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ በእርግጥም መድገሙ ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው ያኑርልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አማርኛ ሰምና ወርቅ የለመደ ቋንቋ ነውና ጥያቄው በሰሙ ብቻ አይቆምም። ሰሙ የንባብ ወግ ነው፤ ወርቁ «መጽሐፌን መቼ ነው የምትመልሰው?» ነው። ጠያቂው በግልጽ እንዳይጠይቅ «ለአንድ መጽሐፍ!» መባልን ይፈራል፤ ተጠያቂውም ወርቁን ሰምቶ በሰሙ ይመልሳል፤ ሁለቱም ጨዋነታቸውን ጠብቀው ይለያያሉ። ከዚህ በመነሣት ጥናቱ የደረሰበት ዋና ግኝት፣ ተወዳጅ መጽሐፍ ማለት ባለቤቱ ዘንድ የሌለ መጽሐፍ ነው የሚል ነው። ማስረጃው በየመደርደሪያው አለ። የማንንም አንባቢ መደርደሪያ ቢፈትሹ የሚያገኙት ማንም ያልጠየቀውን ነው፤ የዐውደ ጥናት ጥራዝ፣ ያለፈበት የመልቀቂያ ፈተና መለማመጃ፣ ደራሲው ራሱ በግድ ፈርሞ የሰጠው የግጥም መድበል። የሰውን የንባብ ጣዕም ማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ስለዚህ መጻሕፍቱን ትቶ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት መቁጠር አለበት። «እኔ የምወደውን አላውስም» የሚሉ ጥቂቶች እንዳሉ አይካድም፤ ግን እነሱም የሚወዱትን ለሰው ካወሩ ቆይተዋል። በወዳጅ ፊት መጽሐፍ ማመስገን በቃል የተፈጸመ የማዋስ ውል ነው፤ መጽሐፉ የሚወጣበት ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ሕግ ከባዱ ምስክር ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የሰበሰቡት ሰዎች መጽሐፉ እንዳይወራ ፈልገው ነበር፤ መጽሐፍ እንዳይወራበት የሚደረገው ግን መደርደሪያ ላይ በመተው እንጂ በማጥፋት እንዳልሆነ የነገራቸው አልነበረም።

የቀድሞ ጸሐፍት ችግሩን ያውቁት ነበር። በብራናው መጨረሻ የሰረቀውን፣ የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጽፉ ነበር፤ የሐረር ሰዎችም በበኩላቸው መጽሐፋቸውን ወቅፍ አድርገው ይለግሱት ነበር፤ የወቅፍ ንብረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የግዝቱ ድክመት አንድ ነው፤ ሌባንና ፋቂን ሲጠራ ብዙ ጊዜ ተዋሽን ይዘነጋል። የአገራችን ሥነ ጽሑፍ የፈሰሰው በዚህች ቀዳዳ ነው። ከሁሉ ትልቁ ፍሳሽ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የሆነው ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወጣውን ንብረት 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንደተሸከሙት ተመዝግቧል፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም ለሙዚየሙ 350 የሚያህሉ ብራናዎችን መረጠ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ዘረፋ ይሉታል፤ ልክ ናቸው። በአዋዋስ ባህላችን ሚዛን ሲመዘን ግን ከጎረቤት መጽሐፍ የሚለየው በዝሆኑ ቁጥር ነው። ወሳጆቹ መጻሕፍቱን እንደሚወዷቸው፣ ከባለቤቱ በተሻለ ሁኔታ እንደያዟቸው፣ መመለሱ ግን ቀላል እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ ከዚህ የተለየ መልስ የሰጠ ተዋሽ በየትም አገር አልታየም። ለሚዛናዊነት ሲባል የተመለሰውም መጠቀስ አለበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሷል። ዘዴው እንግዲህ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት መሆን፣ ቀጥሎ ደብዳቤ መጻፍ።

ንጉሠ ነገሥት መሆን ላልቻለ አንባቢ ጥናቱ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ሸደር ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአውበሬ ወረዳ ትገኛለች፤ የሶማሊያን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ አለባት። የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው። በጥድፊያ ከቤቱ የወጣ ሰው መደርደሪያ አይሸከምም፤ ስለዚህ «የምትወደው መጽሐፍ የታለ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ትርጉም ያጣል፣ «የምትወደው ምንድን ነው?» የሚለው ግን እንዳለ ይቆያል። የዚህ መንገድ ሰው የሚወደውን የሚሸከመው በራሱ ውስጥ ነው። በቶጎ ውጫሌ ኬላ ፈታሽ ሩዝም፣ ልባሽም፣ ስልክም ያገኝ ይሆናል፤ «ጋበይ» የተባለው የሶማሊኛ ግጥም ድንበር ሲሻገር ቀረጥ የጠየቀበት ግን የለም። ሰላምታው ራሱ ሌላ ነው። ሶማሊኛ «ኢስካ ወረን» ሲል «የራስህን ወሬ አውራ» ማለቱ ነው፤ «ወር» የሚለው ቃላቸውና የእኛ «ወሬ» ዘመዳሞች ይመስላሉ። ደገኛ ስለ ደኅንነቱ ሲጠየቅ ፈጣሪውን አመስግኖ ዝም ይላል፤ እዚያ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግመል ስንት እንደተሸጠ፣ ማን ምን እንደገጠመ ይነገራል። ሦስተኛው ነው የእኛ ጉዳይ።

ግጥም ቃል በቃል በማስታወስ የሚዘልቅበት ይህ ባህል ሁለት መቆለፊያዎች አሉት፤ ሁለቱም በአማርኛ አንባቢ ሰፈር የሉም። አንደኛው በድምፅ ሥርዓቱ የተሠራ ነው። አንድ ጋበይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መነሻ ድምፅ ይገዛል፤ በ«ደ» ከጀመረ በየመስመሩ በ«ደ» የሚነሣ ቃል ይኖራል። ከመሀል ቃል የለወጠ ሰው በድምፁ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ገጽ ቀድዶ መጽሐፉን የመለሰ ተዋሽ ግን እስኪነበብ ድረስ አይታወቅም። ሁለተኛው ከዚህ ይጠብቃል። ግጥም በቃሉ የሚወጣ ሰው የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መጥራት አለበት፤ የሌላውን ቃል የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ነውረኛ ነው። ስለዚህ ማካፈሉ ማንንም አይዘርፍም፤ ሰጪው ጋ እንዳለ ይቀራል፣ ተቀባዩ ጋም ይደርሳል፣ ገጣሚውም ስሙን አያጣም። ወደ እኛ ዘንድ ስንመለስ ያማረ ቀልድ ሁሉ አለቃ ገብረሃና ናቸው ያሉት፤ ያማረ አንቀጽ ደግሞ በቴሌግራም ሲዞር ከበታቹ «ከፌስቡክ መንደር» ይጻፍበታል። ፌስቡክ መንደር ከሐዲስ ዓለማየሁ ይልቅ ብዙ የደረሰ ደራሲ ሆኗል።

ንባብን መጋራት ምን እንደሚመስል ከዚሁ አካባቢ ሁለት ሥራዎች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓሊ ዱሕ በጀመረው «ጉባ» በተሰኘው የግጥም ሰንሰለት ገጣሚዎች፣ ኦጋዴኑ ቀማን ቡልሐን ጭምር፣ በየአካባቢያቸው ሆነው እርስ በርስ መልስ ተሰጣጥተዋል። አንዱ የገጠመውን መንገደኛ በቃሉ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይሰማል፣ መልሱን ሌላ መንገደኛ ይወስደዋል። ፖስታ ቤት የለ፣ ወረቀት የለ፣ የጠፋ ደብዳቤም የለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማብቂያ መሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋርዬ) የጀመረውን «ዴሌይ» ደግሞ ሃድራዊን ጨምሮ በርካታ ገጣሚዎች ተቀባበሉት፤ ሁሉም በ«ደ» እየገጠሙ፣ በካሴት እየተባዛ ድንበር ተሻገረ። ስለ ጭነት መኪናም መናገር ያስፈልጋል። ከአውበሬ ወዲያ ድንበሩን ተሻግሮ በሚገኘው በቦረማ አካባቢ አብዲ ሲኒሞ የተባለ የሎሪ ሾፌር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ «በልዎ» የተባለውን አጭር የፍቅር ግጥም አስጀመረ፤ ሎሪው በሄደበት ሁሉ በልዎም ሄደ፤ የሃይማኖት አባቶች ቢቆጡም አልቆመም። እኛ አገር መጽሐፍ ወደ ክፍለ ሀገር የሚደርሰው አከፋፋዩ ካርቶን ሲልክ ነው፤ እዚያ ሾፌሩ ራሱ እትሙ ነበር።

ተቃውሞዎቹ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው «ግጥም መጽሐፍ አይደለም፤ አምስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ማን በቃሉ ይይዛል?» የሚል ነው። ያኖርናት ነጥብ የምትፈለገው እዚህ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ለሕዝብ ያደረሰው ከገጹ እኩል ድምፅ ነበር፤ በሬዲዮ የሰማው ሰው የደራሲውንም የተራኪውንም ስም አልረሳም፤ ሐዲስንም ወጋየሁንም ዛሬም አብሮ ይጠራል። እንግዲህ የሸደር መንገድ ሕግ በደጋው አንድ ጊዜ ሠርቷል፤ ማንም ግን ሕግ መሆኑን አላስተዋለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ከራሱ ከሶማሊኛ ነውና የሚነሣው። ሶማሊኛ የላቲን ፊደል በይፋ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የፋራህ ኤም. ጄ. አውል ልብ ወለድ ርእሱ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» የሚል ትርጉም አለው። ማንበብ አለመቻል ፍቅርን ሲያበላሽ የሚያሳይ ታሪክ ነው፤ ማለትም በቋንቋው ከታተሙ ቀዳሚ ልብ ወለዶች አንዱ ያወጀው የጽሕፈትን ጥቅም ነው። ጥናቱ ይህን ሳያመነታ ይቀበላል። ነገር ግን ልብ ወለዱ ራሱ በግጥም የተሞላ መሆኑን ያስታውሳል፤ ደራሲው መጽሐፉን የጻፈው ማስታወስን ሊሽር አልነበረም።

«ፒዲኤፍ ችግሩን ፈትቶታል፤ አንዱ ልኮ ሁሉም ያነባል» የሚሉም አሉ። በእርግጥ ፒዲኤፍ አይጠፋም፤ አይከፈትምም። የወረቀት መጽሐፍ ተዋሽ ቢያንስ ባለቤቱን በመንገድ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር፤ ይህ ሥጋት ከንባብ ጋር ግንኙነት ነበረው። ሁለት ሺህ መጽሐፍ በስልኩ የጫነ ሰው ግን ማንንም አይፈራም፣ ስለዚህም ማንንም አያነብም። ደራሲውም ከሽያጩ ምንም አይደርሰውም፤ የጋበይ ሕግ ስሙን ይጠብቅለት ነበር፣ ፒዲኤፍ ስሙንም ገንዘቡንም አብሮ ይወስድበታል። የመጨረሻው ተቃውሞ «ሁሉም የራሱን ቋንቋ ያንብብ» የሚል ሲሆን ብዙ ጊዜ አያሻውም፤ ቀላፎ ተምሮ አማርኛንም በትምህርት ቤት ያገኘው ኑሩዲን ፋራህ በዓለም የታወቀ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ፣ «የምወዳቸው ደራስያን» ብለን ስንዘረዝር ስሙ እምብዛም አይጠራም። ከእኛው ምድር ተምሮ የወጣውን ያልጠራ ዝርዝር የጣዕም ዝርዝር ሳይሆን የሰፈር ዝርዝር ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ፍርድ ይወጣል። መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ሰው በሸደር መንገድ ሕግ ይዳኝ፦ ምስክር ባለበት ቁሞ የደራሲውን ስም ይጥራ፣ ከዚያ ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ በቃሉ ይወጣ። የቻለ መጽሐፉ ይቅርለት፤ ባለቤቱ ምንም አላጣም። ያልቻለ ዕለቱን ይመልስ። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ያጠፈ ሰው ምዕራፍ አንድን ብቻ ልወጣ ቢል አይፈቀድለትም። ይህን ጽሑፍ በተዋሱት መጽሔት ላይ እያነበቡ ያሉ አንባቢ ደግሞ ፍርዱ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይጸናልና፣ ዛሬ ማታ ይመልሱ።