«ቡናን አየሁት!»

በሰፈራችን ሸጎሌ ቡና ላይ የማይፈታ ጠብ የለም። ባለፈው ግን ቡናው ራሱ ሊያጣላን ነበር።

«ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ አለ» አልኩ፣ ስኒዬን እየጠበቅሁ። ውሸቴን አይደለም። በፊት ስሙ ኤችዲ 16175 ነበር፤ የቀበሌ ቤት ቁጥር በሉት። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ከ100 በላይ አገሮች ያወጡትን ስም ሲያጸድቅ የእኛው ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ።

እትዬ ከጀበናው ቀና ብለው፣ «ቶናስ?» አሉ።

እስካሁን የተገኘችው አቦል ብቻ ናት ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «አቦል አስቀምሶ ዝም! የማን ቤት ባህል ነው?»

አቦል አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል ብል ማንንም አልደነቀም። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። የእኔን ቡና ጠጥተው ያውቁታላ!

«አቦል» ከዐረብኛው «አወል» የመጣ ነው፣ መጀመሪያ ማለት። የብዙ ደማቅ ኮከቦችም ስም ዐረብኛ ነው፤ አልደባራን «ተከታይ» እንደማለት። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣችው ጎረቤታችን ተነፈሰች፦ «ኮከቡም ዐረብ አገር ደርሶ ነው የተመለሰው በይኛ!»

ዛሬ የሚደርሰን የቡና ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከ190 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ ብዙው የደጋ ክርስቲያንም ቡና የሙስሊም ነው ብሎ ይሸሸዋል። ያኔ «ቡና የሚባል ኮከብ ወጣ» ቢባል ጠበል ሳይረጩለት አያድሩም።

ማታ እንየው ተባለ። ከበላያችን እንጦጦ ላይ ባለ1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች ተገትረው፣ እኛ ነጠላ ተከናንበን በራፍ ላይ አንጋጠጥን። ጋሼ ጣታቸውን ቀሰሩ፦ «ያውላችሁ!» «አየሁት!» «እኔም!» ዓይኗ ደክሞ ታክሲ የማትለየው አማቻቸው እንኳ «እንዴት ያምራል!» አለች።

ቡና ያለ መነጽር እንደማይታይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «እኔም አየሁት» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ወሬውን ያመጣሁት እኔ፣ ሳላይ ልግባ?

ልጄ ቀሚሴን ጎተተ። «እማ፣ ቀይ ነው እኮ! ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል!»

ተራራው ላይ ያለው የአንቴና መብራት ነበር።

«ለለቀማ ደርሶ ነው» አልኩት።