አንድ ስንዝር ወደ እኔ

የልጄ መኪና መሪ ሸሸኝ። ሰው ሲያረጅ ብዙ ነገር እንደሚሸሸው አውቃለሁ፤ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ጥርስ ይሸሻል፣ ጠያቂም ይቀንሳል። መሪ ይሸሻል ብሎ ግን የነገረኝ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዳቦ ሊገዛ ወረደና «አባዬ፣ ትራፊክ ሳይመጣብን ትንሽ ጠጋ አድርጋት» ብሎኝ ሄደ። ጠጋ አደረግኋት። ሞተሯን ላጥፋ ብዬ (ሞተር ከተባለ፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፣ ቆማም ሄዳም ድምፅ የላትም) ቁልፏን ስጫን መሪው ዝዝዝ ብሎ ከእጄ ወጣና እንደ ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት እጄን ዘርግቼ አየር ጨብጬ ቀረሁ። በመስኮት ያየኝ ጀብሎ የምጸልይ መስሎት አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ልጄ ዳቦውን ይዞ ሲመለስ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አባዬ፣ በቀላሉ እንድትወርድ መንገድ እየለቀቀልህ ነው እኮ!»

መንገድ የሚለቅ መሪ! አርባ ዓመት ስነዳ መንገድ የለቀቀልኝን ሰው በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ጣትም ይተርፈኛል። አሁን ሾፌርነቱን ከተውኩ በኋላ መሪ ጨዋ ሆኖ መጣ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ1966 ዓ.ም. ነው። የተማርኩት በቮልስ ነበር። የቮልስ መሪ ጀርመኖቹ የተከሉበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ወይ ፍንክች! አጭር ከሆንክ አጭር ነህ፣ ረጅም ከሆንክ ጉልበትህን ወዲያና ወዲህ ከፍተህ ትነዳለህ። ከዚያ ወደ ፊያት 682 ተሻገርኩ፤ እኛ ኤንትሬ የምንላት ናት። መሪዋ ሰፌድ ያክላል። ስትቆም ለማዞር ሁለት ትከሻ ብቻ አይበቃም፣ ሆድም ይታገዛል። ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ወደቡ እስከተዘጋብን እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ተመላለስኩባት። ኋላ ደግሞ ላዳ ታክሲ ያዝኩ። የሩሲያው መሪም እንደ ጀርመኑ ነው፤ በምንም አይነቃነቅም።

በዚያን ጊዜ የሚስተካከለው ሰው ነበር። አጭሩ ሾፌር ጆንያ አጣጥፎ ይቀመጥበታል። መሪው የራቀበት ደግሞ ጋቢውን አራት አድርጎ አጥፎ ከጀርባው ይወትፋል። ጋቢና ውስጥ ጋቢ የማይጠፋው ለብርድ ይመስላችሁ ነበር? የደንካል ሙቀት ውስጥ ምን ብርድ አለ! የእኔ ጋቢ ከጀርባዬ ከመወተፉ ብዛት ጀርባዬን መስሎ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያንተን ጋቢ ሳጥበው ወገቡን ያመዋል» እያለች ታሾፍብኛለች።

አሁን እንግዲህ የልጅ ልጄ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ማሠልጠኛ ገብታለች። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፈቃዱን ሳታወጣ የእኔ መምህር ሆናለች። የመሪውን ሽሽት ስትሰማ «አባባ፣ ና ላሳይህ» ብላ ግቢ ውስጥ የቆመችው የአባቷ መኪና ውስጥ አስገባችኝ።

«መጀመሪያ ወንበሩ ነው፤ መሪው መጨረሻ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

እኔን! አሰብ መንገድ ላይ ጎማ ስቀይር እናቷ እንኳ ያልተወለደችውን እኔን! ቢሆንም ታዘዝኩ። መቀመጫህን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስጠጋ አለችኝ፤ አስጠጋሁ። ፍሬኑን እስከ ታች ርገጥ፤ ረገጥኩ። ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፣ ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው፤ እሺ፣ አቀረብኩ። ፍሪሲዮን ላለው መኪና መለኪያው ፍሪሲዮኑ ነው አለችኝ፤ ይህችኛዋ ግን ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሽም የላትም፣ ግራ እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተጋድሞ ዋለ። የወንበሩን ጀርባ ቀና አድርገው፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ አትጋደም። አደረግሁ።

«አሁን ትከሻህን ከወንበሩ ሳታነሳ እጅህን በመሪው ላይ ዘርጋ። አንጓህ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ልክ ነህ። ስትይዘው ክንድህ ትንሽ ይታጠፋል ማለት ነው።»

ዘረጋሁ። አንጓዬ አልደረሰም። መዳፌም አልደረሰም። የመሪውን አናት የነካው የመሐል ጣቴ ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም እየተንጠራራ።

«አባባ፣ ታዲያ አርባ ዓመት እንዴት ነዳህ?»

«ጀርባዬን ከወንበሩ አንስቼ ነዋ!»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ወገቤ ግን ዝም አላለም፤ እሱ ከእኔ በፊት ገብቶታል። ሐኪም ቤት ሄጄ ፊልም በተነሳሁ ቁጥር «ከባድ ዕቃ ያነሱ ነበር?» ይሉኛል። የማነሳው ራሴን ነበር። ትከሻ ከወንበሩ ከተነሳ ክንድ ይንጠለጠላል፣ የክንዱን ክብደት አንገት ይሸከማል፣ የአንገቱን ዕዳ ወገብ ይከፍላል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ያየ ይህንን ያውቃል፤ እያንዳንዱ ጠመዝማዛ አንድ አንድ ጅማት ነው የወሰደብኝ።

ልጅቷ ከመሪው ግንድ ጎን ያለች ትንሽ ማብሪያ የምታክል ቁልፍ ጠቆመችኝ። ወደ ኋላ ሳብኳት። መሪው መጣ! እየተግተለተለ፣ እንደ ተጠራ ሰው ወደ ደረቴ መጣ። በአብዛኞቹ መኪኖች ቁልፍ ሳይሆን ከመሪው ሥር እጀታ ነው ያለው አለችኝ። እጀታውን ወደ ታች ትለቀዋለህ፣ መሪውን ስበህ ወይ ገፍተህ ልክህ ላይ ታደርሳለህ፣ እጀታውን መልሰህ ጥርቅም ታደርጋለህ፤ ይህም መኪናው ቆሞ ነው እንጂ እየሄደ አይነካም። ውስጡ እንደ ሬዲዮ አንቴና ነው፤ አንዱ ቱቦ ከሌላው ቱቦ ውስጥ ወጣ ገባ ይላል። በቃ ይኸው ነው ምሥጢሩ። የሬዲዮ አንቴና!

ይህንን ያወቁት ዛሬ ቢሆን ምንም አልል። ነገር ግን ካዲላክ የሚባለው የአሜሪካ መኪና ከፍና ዝቅ፣ ወጣና ገባ የሚል መሪ በፈረንጅ 1965 ሲሸጥ ነበር። በእኛ 1957 መሆኑ ነው፤ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ አድጌ፣ ሠልጥኜ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ አሰብ መንገድ ማንዳ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ አድሬ፣ ላዳ ነድቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያቺን አንቴና አንድ ሰው አላመጣልኝም። የካዲላክ ባለቤት ከቤቱ ቢሮ ለሚሄድባት አሥር ደቂቃ መሪ ይቀርብለታል፤ ሦስት ቀን ለሚነዳው ሰው ጋቢ።

መሪው ሲመጣልኝ ደስ አለኝና ቁልፏን አልለቀቅሁም። አርባ ዓመት የራቀኝ ነገር ነው፤ ደረቴ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጅቷ ጮኸች።

«አባባ! ኤርባጉ!»

መሪው መሐል፣ ክላክሱ ሥር፣ ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። መኪናው ሲጋጭ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ይነፋል። ስለዚህ በደረትና በመሪው መሐል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት፤ ከዚያ የቀረበ ሰው የሚያድነው ነገር ራሱ ይመታዋል። ስንዝሬን ዘርግቼ ለካሁ። አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ማለት ነው። ከፍታውም ቢሆን ኤርባጉ ደረትን እንጂ ፊትን እንዳያይ ተደርጎ፣ ፍጥነት መቁጠሪያው ደግሞ በመሪው ቀዳዳ እንዲታይ ሆኖ ነው የሚስተካከለው። መራቅም ጥፋት፣ መቅረብም ጥፋት። እንደ አማት ቤት ነው።

«እጅህን ዘጠኝና ሦስት ላይ አድርግ» አለችኝ ቀጥላ።

እዚህ ላይ የቆየ ቁስል ነካችብኝ። በ1966 ያስተማረኝ ሰው «አሥርና ሁለት ላይ ያዝ» ነበር ያለኝ። እኔ ደግሞ አስተዋይ ልሁን ብዬ፣ ይህ ትምህርት ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው ብዬ ወደ ሐበሻ መነዘርኩት። የፈረንጅ አሥር የእኛ አራት ነው፤ የፈረንጅ ሁለት የእኛ ስምንት ነው። አራትና ስምንት ላይ፣ የመሪውን እግር ሥር ጨብጬ ስነዳ አስተማሪው ያወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አሁንም በልቤ መነዘርኩ። የፈረንጅ ዘጠኝ የእኛ ሦስት፤ የፈረንጅ ሦስት የእኛ ዘጠኝ። ያው ነው! ከፈረንጅ ጋር በሰዓት ስንስማማ ያየሁት ያን ቀን ነው። አሥርና ሁለት የቀረውም በኤርባግ ምክንያት ነው ይላሉ፤ እጅ ወደ ላይ ሲሆን ሲነፋ ፊት ላይ ይወረውረዋል።

ተመቸኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሰባ አንድ ዓመቴ መሪ ላይ ተመችቶኝ ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንጓዬ አናቱ ላይ፣ ትከሻዬ ወንበሩ ላይ፣ ጉልበቴ ታጥፎ። «እንዳይጠፋብኝ እዚሁ አስቀምጪልኝ» አልኳት። መኪናዋ ልክ እንደ ስልክ ታስታውሳለች ተብያለሁ፤ በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁልፎች አሉ።

«አንድ የአባቴ ነው፣ ሁለት የእናቴ ነው» አለች።

«ሦስትስ?»

«ሦስት የለውም አባባ።»

ይኸውላችሁ። ቤቱን ሠራሁ፣ ልጁን አሳደግሁ፣ መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በዚያች መኪና ውስጥ ግን ቁጥር የለኝም። ማታ ልጄ ገብቶ «አንድ»ን ሲጫን እኔ በድካም ያመጣሁት መሪ ዝዝዝ ብሎ ወደ እሱ ሄደ። ጠዋት ምራቴ «ሁለት»ን ስትጫን ወደ እሷ ሄደ።

ቂም ይዤ እሑድ ጠዋት ወደ ራሴ ቪትዝ ወረድኩ። አሮጌ ናት፣ የ2001 ሥሪት፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «አደራ፣ እንዳትሸጣት» ይለኛል። ባትሪ መብራት ይዤ ከመሪው ሥር ጭንቅላቴን ከትቼ እጀታ ስፈልግ ጎረቤቴ ሻለቃው በጋዜጣ ጥቅልል ጀርባዬን መታ አደረገኝ።

«ምን ጠፋብህ?»

«አንድ ስንዝር።»

ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ፈለገ። እጀታው ተገኘ! ሳብኩት። መሪው ዱብ ብሎ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ወደ ላይ መለስኩት፤ ሄደ። ወደ ታች፤ ሄደ። ወደ እኔ ሳብኩት፤ እምቢ። ሻለቃውም ሳበው፤ እምቢ። ሰፈራችን ያለው መካኒክ ቡናውን ይዞ መጥቶ አየና «ጋሼ፣ ይቺ ከፍና ዝቅ ብቻ ነው የምትለው፤ ወጣ ገባ የላትም» ብሎ ቡናውን ጨረሰ።

ይህች መኪና ከጃፓን ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነበር። ዱባይ ላይ ፈትተው ወደ ግራ አዞሩት። አገሩ ራሱ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ መንገድ ተሻግሯል፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ በሌላው በኩል ነድቷል። አገር ይሻገራል፣ መሪ ከመኪናው ዳር እስከ ዳር ይሻገራል፣ አንድ ስንዝር ወደ እኔ መምጣት ግን አልሆነለትም።

ወደ ቤት ገብቼ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ። አራት አጥፌ ከጀርባዬ ወተፍኩት። የልጅ ልጄ ከደጅ ቆማ እያየችኝ ነበርና ሳልጠራት መጣች። ትከሻዬ ወንበሩን (ማለት ጋቢውን) እንደነካ እጄን ዘረጋሁ። አንጓዬ የመሪው አናት ላይ አረፈ። ደረቴን በስንዝር ለካች፤ አንድ ስንዝርና ሦስት ጣት። ጉልበቴን አየች፤ ታጥፏል።

«አባባ፣ ይሠራል እኮ!» አለች፣ እኔ ያልነገርኳት ይመስል።

ፈተናዋ ሐሙስ ነው። የምትፈተንባት መኪና መሪም ወጣ ገባ እንደማይል አጣርታለች። አያቷ ሁለተኛውን ጋቢ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታላታለች።